ቄስ ጉዲና ቱምሳ፦ ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ የተገኘው እውነት

ከመስቀል አደባባይ ተነስቶ ወደ ዑራኤል የሚያመራ መንገደኛ ዛሬ የሚያየው ረጃጅም ሕንጻዎችን፣ ሆቴሎችንና በተሽከርካሪ የተጨናነቁ መንገዶችን ነው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ምሽት ግን በዚህ አካባቢ አንድ ቤተሰብን፣ አንዲት ቤተ ክርስቲያንንና በኋላም የአገሪቱን የፍትሕ ተቋማት ለዓመታት ያስጨነቀ ወንጀል ተፈጽሟል።

ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በዑራኤል መካነ ኢየሱስ ከምዕመናን ጋር ቆይተው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ሲወጡ የታጠቁ ሰዎች አገኟቸው። ባልና ሚስቱ ተለያዩ። ወይዘሮ ፀሐይን በሌላ መኪና ወስደው ከከተማው ዳር ጥለዋቸው ሄዱ። ቄስ ጉዲና ግን ከዚያች ምሽት በኋላ በሕይወት አልታዩም።

የተከሰሱበት ጉዳይ አልነበረም። የእስር ማዘዣ አልታየም። ፍርድ ቤት አልቀረቡም። ቤተሰቡና ቤተ ክርስቲያኒቱ ላቀረቡት ጥያቄ የወቅቱ ባለሥልጣናት የሰጡት ምላሽ በመንግሥት እጅ አለመኖራቸውን የሚገልጽ ነበር። አገር ጥለው ሸሽተዋል የሚል ወሬም እንዲናፈስ ተደረገ። እንዲህ ያለ የሰው መጥፋት ለመርማሪ ከሁሉ የከበደ ነው፤ አስከሬን ከሌለ ግድያ መፈጸሙን ማሳየት ያስቸግራልና።

ቄስ ጉዲና የተወለዱት ሚያዝያ 27 ቀን 1921 ዓ.ም. በወለጋ፣ ቦጂ በተባለው አካባቢ ነው። በልጅነታቸው በሚሲዮን ትምህርት ቤት የመማር ዕድል አገኙ። በወጣትነታቸውም በነቀምት በሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ሆስፒታል ሠልጥነው በቀዶ ሕክምና ረዳትነት ሠርተዋል። የሰውን ሥጋዊ ሕመም በቅርብ ያዩበት ይህ ሥራ ከጊዜ በኋላ ለነበራቸው አመለካከት መሠረት እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

በ1950 ዓ.ም. ገደማ የቅስና ማዕረግ ተቀብለው የነቀምት ምዕመናንን አገለገሉ። በዚያው ዘመን፣ በ1951 ዓ.ም.፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በአገር አቀፍ ደረጃ ተመሠረተች። በምሥረታዋ ወቅት የነበሯት አባላት ሃያ ሺህ ያህል ነበሩ። ቄስ ጉዲና በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ አሜሪካ ተጉዘው በሚኒሶታ ግዛት፣ ሴንት ፖል ከተማ በሚገኘው የሉተር ሴሚናሪ የነገረ መለኮት ትምህርታቸውን ተከታተሉ። ዘመኑ የጥቁር አሜሪካውያን የዜግነት መብት ትግል የተጋጋለበት ነበር።

ወደ አገራቸው እንደተመለሱ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ። በዚህ ኃላፊነት ላይ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ለአሥራ ሦስት ዓመታት ያህል ቆይተዋል። ቢሯቸው የአንድ ሰፊ ድርጅት አስተዳደር ማዕከል ነበር ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮች፣ የውኃና የግብርና ፕሮጀክቶች፣ የውጭ ረድኤት ድርጅቶች ደብዳቤዎችና የሒሳብ ሪፖርቶች ሁሉ በእጃቸው ያልፉ ነበር።

ስማቸውን ከኢትዮጵያ ውጭ ያስጠራው በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ጄኔቫ ለሚገኘው የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ ነው። የደብዳቤው ጉዳይ የወንጌል ስብከትና የሰው ልጅ ልማት ግንኙነት ነበር። የምዕራቡ ዓለም ለጋሾች ለሥጋዊ ልማት ገንዘብ ሲሰጡ የሰውን መንፈሳዊ ፍላጎት ወደ ጎን መተዋቸውን ደብዳቤው ተቸ። ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት ሊከፈል እንደማይገባው፣ ድሆች ምን እንደሚያስፈልጋቸው የሚወስኑትም ራሳቸው እንጂ ለጋሾቻቸው ብቻ እንዳልሆኑ አስረዳ። ደብዳቤው ከፍተኛ ውይይት አስነስቶ በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ናይሮቢ ላይ ዓለም አቀፍ ምክክር እስከ መካሄድ ደርሷል።

የ1966 ዓ.ም. አብዮት ሲፈነዳ ቄስ ጉዲና ለውጡን በጭፍን የተቃወሙ ሰው አልነበሩም። የጭሰኛውን ኑሮ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ በመሆናቸው የገጠር መሬት አዋጅን የመሰሉ እርምጃዎችን ተገቢነት ተቀብለዋል። ያልተቀበሉት አንድ ርዕዮተ ዓለም የሰው ልጅ የመጨረሻ ዳኛ ይሁን መባሉን ነው። አብያተ ክርስቲያናት ተለያይተው ከመጠቃት ይልቅ ተባብረው እንዲቆሙ ጥረት አድርገዋል። ለዚሁ ዓላማ የተቋቋመው የአብያተ ክርስቲያናት የትብብር ጉባኤ የመጀመሪያ ሰብሳቢም እርሳቸው ነበሩ።

ከደርግ ጋር የነበረው ግንኙነት እየሻከረ የሄደው በዚህ ምክንያት ነው። በመጋቢት ወር 1969 ዓ.ም. በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የሚተዳደረው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በመንግሥት ተወረሰ። በየክፍለ ሀገሩ የጸሎት ቤቶች ይዘጉ፣ አገልጋዮች ይታሰሩ ጀመር። መንግሥት ቄስ ጉዲና ወደ ውጭ አገር ወጥተው በኢትዮጵያ የሃይማኖት ነፃነት መኖሩን እንዲመሰክሩለት ቢፈልግም እርሳቸው ፈቃደኛ አልሆኑም። ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሥራቾች አንዱ መሆኑም በእርሳቸው ላይ ለሚነሳው ጥርጣሬ ተጨማሪ ምክንያት ሆነ።

በ1971 ዓ.ም. ብቻ ሦስት ጊዜ ተይዘዋል። በዓመቱ መጀመሪያ ታስረው ተፈቱ። በክረምቱ መግቢያ ዳግመኛ ታስረው ለሳምንታት ከቆዩ በኋላ ተለቀቁ። በዚህ መካከል በታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ በኩል ከአገር የሚወጡበትና ጥገኝነት የሚያገኙበት ዕድል ቀረበላቸው። ምዕመኖቻቸውን ጥለው መሄድ ስላልፈለጉ ሳይቀበሉት ቀሩ። ከእስር በወጡ በአንድ ወር ከጥቂት ቀናት ውስጥ ከላይ የተገለጸው የሐምሌ 21 ምሽት መጣ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ዓመት ነበር።

ወይዘሮ ፀሐይ የደረሰባቸው መከራ በባለቤታቸው መጥፋት አላበቃም። ጥቂት ወራት ቆይቶ እርሳቸውም ተይዘው አሥር ዓመት ያህል በእስር ቤት አሳልፈዋል። ልጆቻቸው አባታቸው የት እንዳሉ ሳያውቁ፣ እናታቸው ታስረው አደጉ። በአገራችን ባህል ሰው ሲሞት አልቅሶ መቅበር፣ ሙት ዓመት ማውጣት፣ መቃብሩ ላይ መቆም ለቋሚ ቤተሰብ መጽናኛ ነው። የጠፋ ሰው ቤተሰብ ግን ከዚህ ሁሉ የተከለከለ ነው። ማልቀስ ተስፋ መቁረጥ ይሆንበታል፤ አለማልቀስም የሞተን ሰው እንደ መርሳት ይሆንበታል።

በዚያ ዘመን ይህ የብዙ አዲስ አበባውያን ዕጣ ነበር። የደርጉ ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለማርያም በ1969 ዓ.ም. ዛሬ መስቀል አደባባይ በሚባለው ስፍራ ቀይ ፈሳሽ የያዙ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት ከሰበሩ በኋላ ቀይ ሽብር በከተማዪቱ ተስፋፋ። ወላጆች ጠዋት ጠዋት የልጆቻቸውን አስከሬን ፍለጋ በየጎዳናውና የአስከሬን ምርመራ ይካሄድበት በነበረው በምኒልክ ሆስፒታል ደጃፍ ይንከራተቱ ነበር። ልጃቸው ለተገደለበት ጥይት ዋጋ እንዲከፍሉ የተጠየቁም ነበሩ።

ደርግ በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወገድ የምስጢሩ በር ተከፈተ። ድርጊቱን የሚያውቁ ሰዎች መናገር፣ ግቢዎች መፈተሽ፣ መሬቱ መቆፈር ጀመረ። በ1984 ዓ.ም. በተከናወኑ ቁፋሮዎች የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለሥላሴ አፅም በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ተገኘ። የሁለተኛው የኢትዮጵያ ፓትርያርክ የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ አፅምም ተገኝቶ እርሳቸው ባሠሩት የጎፋ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር አረፈ።

የቄስ ጉዲና አፅም የተገኘውም በዚሁ ዓመት የደርግ የጸጥታ ሰዎች ይጠቀሙበት በነበረ የአዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ነው። የተገደሉት በተያዙበት በዚያው ሌሊት መሆኑም ታወቀ። ሸሽተዋል ተብሎ ሲወራ፣ በመንግሥት እጅ የሉም የሚል ምላሽ ሲሰጥ፣ ባለቤታቸው በእስር ቤት ሳሉ ሁሉ እርሳቸው እዚያው አዲስ አበባ ከአፈር በታች ነበሩ። ሰኔ 20 ቀን 1984 ዓ.ም. ቤተሰባቸው፣ የእምነት ወንድሞችና እህቶቻቸው እንዲሁም በርካታ ሕዝብ በተገኙበት ሥርዓተ ቀብራቸው ተፈጸመ።

ከቀብራቸው ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በአዋጅ ቁጥር 22/1984 ተቋቋመ። የጽሕፈት ቤቱ ተግባር በደርግ ዘመን የተፈጸሙ ወንጀሎችን መርምሮ ለፍርድ ማቅረብና ለታሪክ መዝግቦ ማቆየት ነበር። ለዚህም ሦስት ዓይነት ማስረጃ መሰብሰብ ነበረበት። እነርሱም ምስክር፣ ሰነድና አፅም ናቸው።

ምስክር ሊረሳ፣ ሊፈራ፣ ሊሞትም ይችላል። ሰነድ ግን በብዛት ተገኘ። የደርግ መሥሪያ ቤቶች የግድያ ትዕዛዞችን፣ ቃለ ጉባኤዎችንና የስም ዝርዝሮችን በፊርማና በማኅተም አስደግፈው በየመዝገብ ቤቱ አስቀምጠዋቸው ነበር። አብዮታዊ እርምጃ የሚለው ሐረግ በየወረቀቱ ላይ ሰፍሮ ይገኛል፤ ትርጉሙም መግደል ነበር። ጸሐፊው ተይቦ፣ ኃላፊው ፈርሞ፣ መዝገብ ቤቱ ቁጥር ሰጥቶ ያስቀመጠው ወረቀት ከዓመታት በኋላ የዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ሆነ።

ሰነድ ብቻውን ግን ትዕዛዝ መሰጠቱን እንጂ ድርጊቱ መፈጸሙን ሙሉ በሙሉ አያስረዳም። ይህን ክፍተት የሚሞላው አፅም ነው። በወቅቱ አገሪቱ በዚህ ሙያ በቂ የሰው ኃይል ስላልነበራት የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት የአርጀንቲናን የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ጋበዘ። ቡድኑ የተቋቋመው በ1976 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ አባላቱም በአገራቸው ወታደራዊ አገዛዝ ዘመን የጠፉ ሰዎችን አፅም ለማግኘት የተሰባሰቡ ወጣቶች ነበሩ። ያሠለጠኗቸው አሜሪካዊው የአፅም ምርመራ ሊቅ ክላይድ ስኖው ናቸው። ወታደሮች የወገኖቻቸውን ደብዛ ያጠፉባት አገር ልጆች በ1980ዎቹ አጋማሽ ተመሳሳይ ችግር ወደ ደረሰባት ኢትዮጵያ መጡ።

አሠራራቸው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። የጅምላ መቃብር በዶማና በአካፋ በጥድፊያ አይቆፈርም። አፈሩ በሣሣ በሣሣው እየተነሳ፣ በትንንሽ መሣሪያና በብሩሽ እየተጠረገ፣ እያንዳንዱ አፅም፣ አዝራር፣ ጫማና ጥይት በተገኘበት ቦታና አኳኋን ፎቶግራፍ ተነስቶ ይመዘገባል። አንድ ጊዜ ከቦታው የተነሳ ነገር ወደ ነበረበት ስለማይመለስ ያልተመዘገበ ማስረጃ እንደጠፋ ይቆጠራል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ የሚከናወነው በጠረጴዛ ላይ ነው። የዳሌ አጥንት የሟቹን ፆታ ያመለክታል። የጭን አጥንት ርዝመት የቁመቱን ግምት ይሰጣል። የዳሌና የጎድን አጥንቶች ጫፎች እንዲሁም ጥርሶች ዕድሜውን ለመገመት ያገለግላሉ። በሕይወት ሳለ የተሰበረና የጠገነ አጥንት ምልክቱን ይዞ ይኖራል። በሞት ጊዜ የተሰበረና ከሞት በኋላ በአፈር ክብደት የተሰነጠቀ አጥንትም በስብራቱ ጠርዝና ቀለም ይለያያሉ። የዘረመል ምርመራ እንደ ዛሬው ባልተስፋፋበት በዚያን ጊዜ ይህ ሁሉ የሚመሳከረው ከቤተሰብ ከሚገኝ መረጃ ጋር ነበር። ቁመቱ ምን ያህል ነበር፣ ጥርሱ ወልቆ ነበር ወይ፣ በልጅነቱ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ ያውቃል ወይ፣ በተያዘ ዕለት ምን ለብሶ ነበር የሚሉት ጥያቄዎች ለእናቶችና ለእህቶች ይቀርባሉ።

ቡድኑ ከሠራባቸው ስፍራዎች አንዱ በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኘው ኮተቤ ነው። በዚያ በተገኘው የጅምላ መቃብር ውስጥ የነበሩት ሟቾች የተገደሉት በጥይት አልነበረም። በአንገታቸው ዙሪያ የናይለን ገመድ እንደታሰረ ተገኘ። ይህ ግኝት ለመርማሪዎች ትልቅ ትርጉም አለው። በገመድ ታንቆ የተገደለ ሰው ሥጋው ከፈረሰ በኋላ አጥንቱ ላይ የሚቀረው ምልክት እጅግ ጥቂት ነው፤ አንዳንዴም ምንም አይቀርም። በገመድ ማነቅ ድምፅ የማያሰማ፣ ደምም የማያፈስ፣ ከዓመታት በኋላ ለሐኪም እንኳ የሚሰወር አገዳደል ነው። ናይለን ግን አይበሰብስም። ገዳዮቹ የመረጡት መሣሪያ ራሱ ከአፈር ወጥቶ መሰከረባቸው።

በፍርድ ቤት በኩል የተደረገው ጉዞም ረጅም ነበር። የደርግ ከፍተኛ ባለሥልጣናት የክስ ሂደት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ። ክሱ የተመሠረተው በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ላይ ነው። ይህ አንቀጽ ከዓለም አቀፉ የዘር ማጥፋት ስምምነት በተለየ ሁኔታ የፖለቲካ ቡድኖችንም ከጥቃት የሚከላከል ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ የጥፋተኝነት ውሳኔ ሰጠ። በሚቀጥለው ወር መንግሥቱ ኃይለማርያም በሌሉበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በይግባኝ ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። በ2003 ዓ.ም. አገር ውስጥ በእስር ላይ በነበሩት ላይ የተላለፈው የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 ከዚህ ልምድ የተቀዳ ይመስላል። ያለ ፍርድ የሞት ቅጣት መፈጸምና ሰውን አስገድዶ መሰወር በይርጋ የማይታገዱ፣ በምሕረትና በይቅርታም የማይታለፉ መሆናቸውን ደንግጓል። የሞት ቅጣት ግን በርዕሰ ብሔሩ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሊለወጥ ይችላል። በዑራኤል በዚያች የሐምሌ ምሽት የተፈጸመው ድርጊት በዛሬው ሕግ ስም ያለው፣ ጊዜ የማያስረጀው ወንጀል ነው ማለት ነው።

የቄስ ጉዲና ስም ዛሬም ይነሳል። ጽሑፎቻቸው በአገር ውስጥና በውጭ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ይጠናሉ። ቤተሰባቸው በስማቸው ያቋቋመው ፋውንዴሽን በፈንታሌ አካባቢ በአርብቶ አደሮች መካከል የልማት ሥራ አከናውኗል። ይህም ስብከትና ልማት አይነጣጠሉም ለሚለው እምነታቸው የቀረበ መታሰቢያ ነው። ወይዘሮ ፀሐይም ከእስር ወጥተው የባለቤታቸውን አፅም በክብር ለማሳረፍ በቅተዋል።

በመስቀል አደባባይ ጠርዝ፣ የቦሌ መንገድ መነሻ ላይ፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይገኛል። ከጅምላ መቃብሮች የወጡ አፅሞች፣ ልብሶችና የሟቾች ፎቶግራፎች በመስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል። ጠርሙሶቹ የተሰበሩበት አደባባይ ከደጃፉ ነው። ዑራኤልም ከዚያ ሩቅ አይደለም።

በመንግሥት ሥራ ላይ ለተሰማራ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚቀር ትምህርት አለ። ቄስ ጉዲናን ለማጥፋት የታጠቁ ሰዎች ብቻ አልበቁም፤ በእጃችን የሉም ብሎ የሚመልስ፣ አቤቱታን ተቀብሎ ሳያይ የሚያስቀምጥ፣ የታዘዘውን ጽፎ የሚያስተላልፍ ሠራተኛም አስፈልጓል። እውነቱን ለማውጣትም እንዲሁ ሠራተኛ አስፈለገ፤ መዝገብ የሚያገላብጥ፣ አፈር በብሩሽ የሚጠርግ፣ የእናቶችን ቃል በትዕግሥት የሚመዘግብ። ሁለቱም የቢሮ ሥራዎች ነበሩ። አንዱ ሰውን ከመዝገብ አጠፋ፤ ሌላው ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ስሙን ለቤተሰቡ መለሰ።